ያልተማርኩ ሰው

በቡኻራ ከተማ፣ በአሚሩ ዘመን፣
ሁለት ነገር ነበር ከሩቅ የሚለየን፤
አንዱ የወገብ ገመድ፣ በአዋጅ የታሰረ፣
አንዱ ይኸው እጄ፣ በኒል የተነከረ።
ገመዱን ማታ ማታ ፈትቼ እጥላለሁ፤
እጄን ግን ይዤው ተኝቼ፣ ይዤው እነቃለሁ።

ኒል ጠባዩ እንግዳ ነው፤ ጋኑ ውስጥ ሳለ
ሰማያዊ አይደለም፤ ሐሞት የመሰለ።
ሐሩን አውጥተህ ስትሰቅል፣ ነፋስ ሲደርስበት፣
ያኔ ነው የሚጠቁር፣ ሰማይ የሚገባበት።
አባቴ ሥራ ሲያስተምር እንዲህ ይል ነበረ፤
«ከጋን ያልወጣ ቀለም ገና አልተፈጠረ።»

አቦ ሸሪኬ ነበር። ጋኑ የጋራችን፣
የእንጆሪው ዛፍ ጥላ የምሳ ቤታችን።
በፋሲካ ማግሥት አሞት፣ በሳምንቱ ቀበርነው፤
ከመርቭ ያስመጣው ሐር ዘጠኝ ጥቅል ነው፣
በራሱ ገንዘብ የገዛው፣ መዝገብ ያላየው።
ለሚስቱ ለኢስታም ሂሳቡን ስናገር
ዘጠኙን ዘለልኩት፣ እንደ ዋዛ ነገር።
ምላሴ ትንሽ እንኳ አልተደናቀፈ፤
ሐሩ ከሣጥኔ ሥር አምስት ወር አሳለፈ።

የሥርየት ቀን መጣ። ሕጉን ሁሉም ያውቃል፤
ለፈጣሪ የበደልከውን ቀኑ ያነጻልሃል፣
ሰው የበደልክ እንደሆን ግን ሰውየው ይጠየቃል።
ሦስቴ ለምን ይላል።
በዋዜማው፣ ማለዳ፣ ሄጄ ደጇን መታሁ፤
ሚናሬው ላይ ሽመላ ተንቀጫቀጨ እንጂ መልስ አጣሁ።
ቀትር ላይ ተመለስኩ። ዐሣ ትጠብሳለች፣ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፤
በበሩ ስንጥቅ በኩል፦ «ምን ረስተህ ይሆን?»
«የረሳሁት የለም» አልኩ።
እውነት ነው፤ አልረሳሁም። እንዲህም ይዋሻል።

ሦስተኛው ጀምበር ስታዘቀዝቅ። ነጭ ለብሻለሁ፣
ነገ መግነዜ የሚሆነውን፤ የጨርቅ ጫማ አድርጌያለሁ።
በሩ ተከፈተ። ቆሜ ተናገርኩ፤
ዘጠኝ አልኩ፣ የመርቭ አልኩ፣ ከሣጥኔ ሥር አልኩ።
ቃሉ ከአፌ ሲወጣ፣ ነፋስ ሲደርስበት፣
ጠቆረ፤ እኔም ያኔ ነው መልኩን ያየሁበት።
ኢስታም እጄን አየች እንጂ ፊቴን አላየች።
«ዛሬ ይቅር አልልህም፤ ጾሙ ሲፈታ ና» አለች።
«ከነሐሩ።»
            በሩ ተዘጋ።

ምኩራብ ገባሁ። መጽሐፉ በእጄ ነው፣ ፊደሉን አውቃለሁ፤
ካንዱ ጥግ እስከ ሌላው ሊቃውንት ሞልተዋል፣
እኔ ብቻ ያልተማርኩ፣ መሐላቸው ቆሜያለሁ።
ደረቴን ስመታ፣ በያንዳንዱ ኃጢአት፣
ጡጫዬ ከነጩ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ይወድቃል።
ነቢዩ ስለ ቀይ ተናገረ፤ ይነጣል አለ፤
ስለ ሰማያዊው ግን ምን አለ? ምንም አላለ።

በቀትር ሽማግሌው ማኖሺር ተዝለፈለፈ፤
ቅርንፉድ የሰኩበት ብርቱካን አሸተቱት፣ ተረፈ።
ጸሎት መሪው ሙሎ ፒንሐስ ድምፁ እንደ አሮጌ ሻሽ ይተረተራል።
እኔ ጥሜን አልጠላሁትም። ጥም ደግ ዕዳ ነው፤
የሚከፈልበት ሰዓት ቁርጥ ሆኖ ይታወቃል።
«የሰማይ ደጅ ሊዘጋ ነው» ብሎ ጉባኤው ሲያለቅስ
እኔ የማስበው ሌላ ደጅ ነው፣ ከኩሬው መለስ፣
የግራ ማጠፊያው የላላ፣ እንጨቱ የነቃ።

ቀንደ መለከቱ ተነፋ። ሰው ሁሉ ወደ ውኃ ሮጠ።
እኔ ሣጥኔን ገፋሁ፤ እንደ ተቆጣ ሰው አጉረመረመ።
ዘጠኙን በትከሻዬ፣ ሳልቀምስ ወጣሁ፤
አራተኛ ጊዜ መሆኑ ነው፣ ደጇን መታሁ።

ፋኖስ ይዛ ወጣች። ጥቅሎቹን ደፉ ላይ ደረደረች።
ከጎኗ በጣሳ ውኃ አለ፤
አልሰጠችኝም፣ አልከለከለችኝም።
እያንዳንዱን በጣቷ እየነካች ቆጠረች።
«ዘጠኝ» አለች።
ፋኖሱን ጠጋ አደረገች፣
ከዚያም እንደገና ከአንድ ጀመረች።